ዳገት የሚወጣው ደም

ጥቅምት 14

እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤሽ የደረሰኝ እጄ እስከ ክርኔ ሻምፖ ውስጥ እያለ ነው። ፖስተኛው መስታወቱ ሥር አኑሮልኝ ሄደ፤ ደንበኛዬን አጥቤ እስክጨርስ ድረስ በዓይኔ ስበላው ቆየሁ።

አዎ፣ እየበላሁ ነው። አዎ፣ እየተኛሁ ነው። አይ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አላነሳም። የባልዲውን ወሬ ማን እንዳደረሰልሽ ገብቶኛል፤ እሱና እኔ ቤታችን ገብተን እንነጋገራለን። ባል አገባሁ ስል ለካ ያገባሁት የአንቺን ሰላይ ነው!

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝን ግን ዘልዬዋለሁ። ስላለፈው ዓመቱ እርግዝና አላስብም ብል ዋሾ ነኝ፤ ልጽፈው ግን አልፈልግም። ያኛው እዚህ አልደረሰም ነበር። ይሄኛው ስድስተኛ ወሩን ይዟል፤ ይገላበጣል፣ ይራገጣል። በዚህ ይብቃን።

የሚያስቸግረኝ እግሬ ነው። ጠዋት የራሴ እግር ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ይሆናል። ጫማዬ ጠዋት በደስታ ይገባል፣ አመሻሽ ላይ በልመና ይወጣል። ከጉልበቴ በታች ሰማያዊ ገመድ የመሰሉ ሥሮች ተገትረዋል። ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ አዩብኝ። ዳኛዋ የምልሽ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው፤ በየሳምንቱ ጸጉራቸውን ሊያስጠቀልሉ ይመጣሉ፤ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው ነው የሚወስኑት። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩና፣ «ይሄ የሞተ ደም ነው» ብለው ፈረዱ። «መመለሻ አጥቶ እግርሽ ላይ የቀረ ነው። ታዲያ ልጁ ምን ሊደርሰው ነው?»

ቤቱ ሙሉ ሴት ሰማ። እኔም እንደተፈረደበት ተከሳሽ አንገቴን ደፍቼ ማበጠር ቀጠልኩ። ግን ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንቺ የነርሶች አስተማሪ ነሽና ንገሪኝ፤ ደሙ ወደ እግሬ መውረዱስ ይገባኛል፤ የፈሰሰ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። መመለሱን ነው ማሰብ ያቃተኝ። ማን ያወጣዋል? እግሬ ላይ የሚገፋ ሌላ ልብ የለኝ!

በዚህ ሆድ ሚጣ መባሉ ቢያስቅም፣
እህትሽ ሚጣ


ጥቅምት 23

ሚጣዬ፣

መንታ ብታረግዢም ለእኔ ሚጣ ነሽ፤ አርፈሽ ተቀበይው።

ለማላውቃቸው ዳኛ ከታላቅ አክብሮት ጋር ተቃውሞዬን አቅርቢልኝ። እግርሽ ላይ የሞተ ደም የለም። ቀስ ያለ ደም ነው ያለው። ሰማያዊ መምሰሉም ከቆዳሽ ሥር ስለምታይው ነው፤ ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ሥዕል በሰማያዊ ስለተቀለመ ተማሪዎቼም በየዓመቱ በዚሁ ይሳሳታሉ።

ልብ ደሙን ስትገፋ ደም ቅዳ በሚባለው ሥር ነው የምትልከው። እሱ ግድግዳው ወፍራም፣ ግፊት የለመደ ነው። ደሙ እግር ጣትሽ ጋ ደርሶ፣ ከጸጉር በቀጠኑት ሥሮች ውስጥ ተሽሎክሉኮ ሲወጣ ግን ያ ግፊት አልቆበታል። ከዚያ የሚቀበለው ደም መልስ ነው፤ ስስና ለስላሳ። እዚህ ነው ጥያቄሽ፤ ማን ያወጣዋል?

ባትሽ። ስትራመጂ የባትሽ ጡንቻ በመሃሉ የሚያልፈውን ሥር ይጨምቀዋል፤ ደሙም መድረሻ ሲያጣ ወደ ላይ ይሸሻል። በሥሩ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙ ሽቅብ ሲመጣ ይከፈቱለታል፣ ቁልቁል ልመለስ ሲል ፊቱ ላይ ይዘጉበታል። እስትንፋስሽም ያግዛል፤ አየር ስትስቢ ደረትሽ ይሰፋና ከሆድሽ በኩል ያለውን ደም ወደ ልብሽ ይስበዋል። ሌላ ልብ የለኝም አልሽ? በየባትሽ አንድ አንድ አለሽ።

እንዳልዋሽሽ፣ ይሄን ትምህርት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ አሁንም እዚህ ጋ ስደርስ ጠመኔዬን አስቀምጬ የራሴን ባት አያለሁ። ልብንማ ሁሉ ያመሰግናታል፤ ዘፈኑም ግጥሙም ለእሷ ነው። ይሄኛው ግን ማንም ሳያጨበጭብለት ቀን ከሌት ዳገት ይወጣል።

የአንቺ ችግር ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ትቆሚያለሽ እንጂ አትራመጂም፤ የቆመ ባት አይጨምቅም። ልጁም ከላይ ተቀምጦ መንገዱን አጥብቦብሻል። ስለዚህ ጸጉር ስትጠቀልዪ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ከመድኃኒት ቤት ጠበቅ ያለውን ረጅም ካልሲ ግዢ። ከምሳ በኋላ ጋደም ብለሽ እግርሽን ከፍ ያለ ነገር ላይ ስቀዪ።

ካላመንሽኝ ይሄን ሞክሪ። እጅሽን ቁልቁል አንጠልጥዪና ክንድሽ ላይ ሥር ሲወጣ አንዱን ጣትሽን ጫኚበት። በሌላኛው ጣት ከዚያ ተነስተሽ ሥሩን ወደ ክርንሽ ጥረጊውና ሁለተኛውን ጣት አንሺ። የጠረግሽው ቦታ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ደሙ ከላይ ተመልሶ አይወርድም። በሩ ዘግቶበታላ! የታችኛውን ጣት ስትለቂ ከታች ሽው ብሎ ይሞላል።

ለመውለጃሽ እመጣለሁ። ፈቃዴን ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ቃሌ ነው።

እትዬ


ኅዳር 5

እትዬ፣

ጸጉር ቤቴን ትምህርት ቤት አደረግሽብኝ! የክንዱን ነገር መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩት። ሲሆን ሳየው ጮህኩ። ከዚያማ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ክንዱን አንጠልጥሎ ተሰለፈ። ጸጉሯ ላይ ቀለም የተቀባችው ሰዓቷ አልፎ ቀይ ሆና ልትወጣ ነበር። ዳኛዋ የራሳቸውን ክንድ ብዙ ጊዜ መረመሩና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይግባኙን ተቀብያለሁ፤ ፍርዱ ተሽሯል» አሉ። አጨበጨብን። ባቶቼ ተረከዜን ሳነሳ የሚሠሩትን እያሰብኩ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ የምሬን ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዤ ስዞር ኖሬ አለማወቄ ይቆጨኛል።

አዎ፣ ካልሲውን ገዛሁ። እሱን መልበስ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባለቤቴ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመሆኑ ገመድ በጠባብ ቱቦ ማስገባት ለምዷል፤ ጠዋት ጠዋት እየሳቅን እንታገላለን።

አሁን የምጽፍልሽን ለእሱ አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እንዳልሽው ጓዳ ያለችው አግዳሚ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ልቤ መሮጥ ጀመረች። ላብ አጠመቀኝ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ጥቁር ነገር ታየኝ፤ የጸጉር ማድረቂያው ድምፅ ራቀኝ። ልጁ ሲራገጥ የነበረው ጸጥ አለ። ሠራተኛዬ ስሜን ስትጠራ ሰምቼ ዞር አልኩ፤ ዞር ስል ለቀቀኝ።

እትዬ፣ ባለፈው ዓመትም በጸጥታ ነው የጀመረው። አሁን ይንቀሳቀሳል፤ አዋላጇም በእንጨት መስሚያዋ ሰምታ ደህና ነው ብላኛለች። እኔ ግን ፈርቼ አግዳሚዋ አጠገብ መድረስ አቅቶኛል። ቶሎ መልሺልኝ።

ሚጣ


ኅዳር 20

ሚጣዬ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅር በዪኝ፤ በእርሳስ ስለጻፍኩም እንዲሁ።

ከአሁን ጀምሮ በጀርባሽ እንዳትተኚ። በግራ ጎንሽ ተኚ። ከጀርባሽ ትራስ ይደረግልሽ፣ እንዳትንጋለዪ። እግርሽንም መስቀል ከፈለግሽ በጎንሽ ሆነሽ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እግርሽን ስቀዪ አልኩ እንጂ በጎንሽ አላልኩም። ከእግሮችሽና ከሆድሽ የሚመለሰው ደም ሁሉ በአንድ ትልቅ ደም መልስ ተሰብስቦ ነው ወደ ልብሽ የሚገባው። ያ ሥር ከአከርካሪሽ በስተቀኝ ያልፋል። ስትንጋለዪ ማህፀንሽ ከነልጁ ይጫነዋል። ሥሩ ስስ ነው ብዬሻለሁ፤ ይደፈጠጣል። ደሙ ሳይመለስ ሲቀር ልብሽ የምትገፋው ታጣለች፤ ባዶ ማሰሮ ማማሰል ይሆንባታል። ለዚያ ነው የሮጠችው፣ ለዚያ ነው የጨለመብሽ። ዞር ስትዪ ማህፀንሽ ተነሳለት፤ መንገዱ ተከፈተ። የነቃሽው ለዚህ ነው።

ይሄ ያለፈው ዓመት ነገር አይደለም። ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ያለፈው ዓመት ነገር አይደለም። ልጅሽ ቦታ አጣበበብሽ እንጂ አልተለየሽም። ግን ዞረሽ ካልለቀቀሽ፣ ወይም ልጁ እንደልማዱ ካልተንቀሳቀሰ ደብዳቤ አትጠብቂ፤ አዋላጇ ጋ ሩጪ። ለባልሽም ንገሪው። ትራሱን ማን ሊያስተካክልልሽ ነው?

እትዬ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ነገርኩት። ተቆጣ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ በሰፈሩ ያለውን ትራስ ሁሉ ሰብስቦ መጣ። አሁን አልጋዬ ላይ ለመውጣት መሰላል ያስፈልገኛል።

በግራ ጎኔ መተኛት ሠራልኝ። አዋላጇ ነይ ብላ እንደገና አዳምጣልኛለች፤ ከዚያ መስሚያውን ለባለቤቴ ሰጠችው። ጆሮውን ደግኖ ብዙ ቆየ። «እንደ ሰዓት ነው» አለ። «አይ፣ ከሰዓት ይፈጥናል። ትንሽ ወፍ ሲሮጥ ነው የሚመስለው።» እውነትም እሱ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚናገር ሰው አይደለም፤ ስለ ፊውዝ ካልሆነ አፉ አይፈታም።

እግሬ አሁንም ያብጣል፣ ግን ጫማው ይወጣል። አሁን አንቺ መልሺልኝ። በእርሳስ የጻፍሽው ለምንድን ነው? ፊደልሽ መስመሩን ለቅቆ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ተማሪን በፊደሉ የምትቆጪ ሰው! ደግሞ የምትመጪበትን ቀን አልጻፍሽልኝም። አልጋሽን መስኮቱ አጠገብ አዘጋጅቻለሁ።

ሚጣ


ታኅሣሥ 12

ሚጣዬ፣

ትራሶቹን ሳስብ ስቄያለሁ። ስስቅ ጎኔን ያመኛል፤ ስለዚህ አታብዢው።

የመምጣቴን ነገር እርግጠኛ አይደለሁም። የፈተና ሰሞን ነው፤ ሰውም የለም። ቅር አይበልሽ። አዋላጇን ከደብዳቤሽ ወድጃታለሁ፤ እጇ ላይ ነሽና አልሰጋም።

ተራመጂ። በቀን ውስጥ ደጋግመሽ ተራመጂ። ቆመሽ አትዋዪ፣ ተቀምጠሽም አትዋዪ። ይሄን ያህል የምለምንሽ ነገር የለም።

እትዬ


ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

ትናንት ከባለቤቴ ጋር ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ ትምህርት ቤትሽ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳች። «ሲስተርን ፈልጌ ነው» አልኳት። «ሲስተር እኮ ሆስፒታል ናት» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ለማስተማር መስሎኝ፣ «መቼ ትመለሳለች?» አልኳት። በመልስ ፈንታ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለች። «እህቷ ነኝ» ስላት ስልኩን በእጇ ሸፍና ከሌላ ሰው ጋር ተንሾካሾከች፤ ተመልሳም «ደህና ናት፤ አሁን ተሽሏታል» አለችኝ።

አሁን ተሽሏታል!

አንድም ነገር ሳትደብቂ ጻፊልኝ። የፈተና ሰሞን አትበዪኝ። እኔ ጥቁር ነገር ሲታየኝ ለአንቺ ነው የጻፍኩት። ያለ አንቺ ማን አለኝ? አንቺስ ያለ እኔ ማን አለሽ? እርጉዝ ነኝ እንጂ ብርጭቆ አይደለሁም፤ አልሰበርም።

የተቆጣችው እህትሽ


ታኅሣሥ 28

ሚጣዬ፣

በሕይወት አለሁ። ይሄን የምጽፈው ተቀምጬ ነው፤ እግሮቼም ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። አሁን ቁጭ በዪና አንብቢ።

በኅዳር መጀመሪያ ትምህርት ቤት ደረጃ ስወርድ ተንሸራተትኩ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጀሶ አሰሩልኝና ቤቴ ተኛሁ። ልጽፍልሽ ወረቀት ሳነሳ የአንቺ ደብዳቤ ደረሰ። አንቺ «ጥቁር ነገር ታየኝ» ትያለሽ፤ እኔ «ወደቅኩ» ልበልሽ? ዋጥኩት። በእርሳስ የጻፍኩልሽ ተንጋልዬ ስለነበር ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ላይ ሲዞር ቀለሙ አይወርድም።

የታሰረ ባት አይጨምቅም። ደሙ ቆመ፤ ቆሞም ረጋ። ባቴን ሲያመኝ፣ ጀሶው ሲጠበኝ፣ አጥንቱ ነው እያልኩ አለፍኩት። አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቀና ስል ትንፋሼ ቁርጥ አለ፤ ደረቴን በጩቤ የወጉኝ መሰለኝ። የረጋው ተቆርሶ ነው። በሮቹ እንደ ወትሮው ከፈቱለት፤ ሽቅብ ወጥቶ ልቤ ገባ፤ ልቤ ወደ ሳንባዬ ገፋችው፤ እዚያ ተሰነቀረ። ጎረቤቴ በሩን ባታንኳኳ ኖሮ ይሄን የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

አሁን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ሆዴ ላይ እወጋለሁ። ሆዴ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ሆኗል። ጀሶው ወልቋል። መተንፈስ እችላለሁ። ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ግን ተከልክያለሁ፤ ታጥፎ መቀመጥ ነውና። ለመውለጃሽ አልደርስም። ይሄን መጻፍ ነው ያቃተኝ እንጂ ሌላውስ ይጻፍ ነበር።

ይቅር በዪኝ። አልዋሸሁሽም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር፤ ዝም ማለትም ያው ነው።

እትዬ


ጥር 5

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ጸጉር በጣም አሳጠርኩት። አልተቆጣችም፤ ፊቴን አይታ ነው መሰል።

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ ግን እንዳይለምድሽ። ተቆጥቼ ልጽፍልሽ ተነስቼ ነበር። ከዚያ በኅዳር የጻፍሽልኝን የእርሳስ ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። አጥንትሽ ተሰብሮ፣ ጣራ ላይ እንደምትጽፊ እጅሽን ሰቅለሽ ነው ለካ «በግራ ጎንሽ ተኚ» ያልሽኝ! ከዚያ ደግሞ ሳንባሽ ውስጥ ያ ነገር ተሰንቅሮ፣ «ተራመጂ» እያልሽ የለመንሽኝ! እኔ አንድ ጥርሴን ሲያመኝ ሰፈሩን የማስለቅሰው ሴት አንቺን የመሰለች እህት ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም። ለዳኛዋ ነገርኳቸው። ካስኩን ራሳቸው ከፍ አድርገው ብድግ አሉ፤ ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ። «እንዲህ ያለው ሰው ሲጠራ ይቆማል» አሉ። ከዚያም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ ልማድ ሆኖባቸዋል።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ማዘዝ የምጀምረው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የፈቀደልሽን ያህል ተራመጂ። ተኝተሽም ቢሆን የእግርሽን ጫፍ ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቅሺ። በረጅሙ ተንፍሺ፤ ደረትሽ ይሳበው። ምን ያህል እንደሄድሽ ጻፊልኝ፤ ሳታሳምሪ።

ሳትጠይቂኝም ልንገርሽ፤ እፈራለሁ። ሆዴ ወርዷል። አዋላጇ ቅርብ ነው ትላለች። ያለ አንቺ ልወልድ ነው። እፈራለሁ፣ ግን ያለፈው ዓመቷ ሚጣ አይደለሁም።

ሚጣ


ጥር 13

አዛዤ ሆይ፣

በታዘዝኩት መሠረት ሪፖርት አቀርባለሁ። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ ወንበር። ቀጥሎ እስከ በሩ። አሁን ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው መስኮት እሄዳለሁ፤ ምርኩዝ ይዤ፣ ግድግዳውን ተደግፌ። እዚያ ስደርስ እንደ ሯጭ አለከልካለሁ። በመስኮቱ የሚታየው የልብስ ማጠቢያው ግቢ ነው፤ የተሰጣ አንሶላ ብቻ። ለእኔ ግን ባሕር ነው።

ሳላሳምር ጻፊ ስላልሽኝ፣ ሰኞ ዕለት ኮሪደሩ መሃል ቆሜ አልቅሻለሁ። ባቴ እምቢ አለኝ። እየቆነጠጥኩት «በል እንጂ፣ ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ያወደስኩህ!» አልኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰምታ መወልወያዋን ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሄደልኝ።

ሌላም ወሬ አለ። ተማሪዎቼ ፈቃድ አስፈቅደው ክፍሉን አልጋዬ ድረስ አመጡት። እግሮቼን ገልጬ አስተማርኳቸው፤ አንዱ እንደ ዱላ ቀጭን፣ ሌላው ያበጠ። በክንዴ ላይ ሥሬን እንደ መብራት አጥፍተው አበሩ። የረጋው ደም የሄደበትን መንገድ ከባቴ እስከ ደረቴ በጣቴ ሳሳያቸው አንዷ አለቀሰች። አንዱ «ይሄ ለፈተና ይመጣል?» አለኝ። እሱ የት እንደሚደርስ አብረን እናያለን።

ሚጣዬ፣ እኔ በሽታ አጠገብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አካል የሚያደርገውን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ግን ሳንባዬ ተዘግቶ ሳለ ልቤ መምታቷን አለመተዋን፣ የተዘጋውን ሥር ትቶ ደሙ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ መፈለጉን ሳስብ ይደንቀኛል። ማንም አላዘዘው። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ እሱ አልቆረጠም።

ስትወልጂ ተንጋለዪ ካሉሽ በጎኔ ልሁን በዪ። ከወለድሽ በኋላ አዋላጇ ስትፈቅድልሽ ወዲያው ተነሺና ተራመጂ። አትፍሪ አልልሽም። ፈርተሽም ትችዪዋለሽ።

እትዬ


የካቲት 2

እትዬ፣

ሴት ናት።

ቴሌግራሙን ባለቤቴ ልኮልሻል፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ በሁለት ቃል ነው የጨረሰው፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። ምጡ ጠዋት ነው የጀመረኝ፤ የአንዲት ሙሽራን ጸጉር ግማሹን ጠቅልዬ። «ቀሪውን ጨርሺላት» ብዬ ለሠራተኛዬ ማበጠሪያዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ሙሽራዋ ከእኔ በላይ አለቀሰች።

ማዋለጃው ክፍል ስገባ አልጋው ላይ አንጋለሉኝ። አዋላጇ መስሚያዋን ሆዴ ላይ አስደገፈች። ፊቷን እያየሁ ነበር። ቅንድቧ ሲሰበሰብ አየሁ። እኔም ወዲያው ማላብ ጀመርኩ፤ ያ የማውቀው ቀዝቃዛ ላብ። ያስተማርሽኝን ሁሉ ሸምድጄ፣ ተራ በተራ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ «ወደ ግራ ዙሪ፣ ቶሎ» ብላ ራሷ ገልብጣኝ አገኘኋት! ንግግሬ አፌ ላይ ቀረ። እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ አዳመጠች፣ አዳመጠች፤ ከዚያ ቅንድቧ ተፈታ። «የልጁ የልብ ምት ተመለሰ» አለችኝ። እትዬ፣ ይሄን ቃል መቼም አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጎኔ ሆኜ ነው የተወጣሁት።

ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች። እጅና እግሯ በተለይ። ከዚያ አየር ሳበች፤ ጮኸች፤ በጮኸች ቁጥር መቅላት ከደረቷ ተነስቶ እየተስፋፋ ሄደ፤ ሆዷ፣ ክንዶቿ፣ ጉልበቶቿ። መጨረሻ ላይ የእግር ጣቶቿ ቀሩ። እነሱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆየሁ።

አዋላጇ እትብቱን ወዲያው አልቆረጠችውም። «ንኪው» አለችኝ። ነካሁት። ወፍራም ነው፣ ሞቃት ነው። «እዚህ ውስጥ አንድ ደም መልስ አለ» አለችኝ፤ «ከእንግዴ ልጁ ንጹሕ ደም ወደ እሷ ልብ ሲመለስላት የኖረው በዚህ ነው።» እንደ ገመድ በጣቶቼ ይዤው ቆየሁ። እኔ ጸጉር ስጠቀልል፣ እኔ ስስቅ፣ አግዳሚዋ ላይ ሲጨልምብኝ፣ ይሄ ነገር ሥራውን ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

አሁን ሳቂ፤ ጎንሽ ከዳነ። ባለቤቴ ውጭ ኮሪደሩ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ሲጠብቅ ውሎ ነበር። ጩኸቷን ሲሰማ ዘፍ ብሎ ወደቀ! ዳኛዋ አብረውት ነበሩ። «ጉልበቱን ቆልፎ ስለቆመ ደሙ እግሩ ላይ ተቀምጦ ነው» ብለው እግሮቹን አንስተው ወንበር ላይ ሰቀሉለት። ሲነቃ መጀመሪያ ያየው የራሱን ጫማ ነው። ነርሶቹ እስካሁን «ሌላው ወላድ እንዴት አደሩ?» ይሉታል።

እኔ በዚያው ቀን ተነሳሁ። አዋላጇን ይዤ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። አንቺን እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ስሟን አላወጣንም። እስክትመጪ እንጠብቃለን። ቁጣዋና ግንባሯ አንቺን ነው።

ሚጣ


የካቲት 12

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቀጥሎ ለጽዳት ሠራተኛዋ አነበብኩላት። ቀጥሎ ለተማሪዎቼ። ባልሽ መውደቁ ጋ ስደርስ አንዷ ሐኪም ከሌላ ክፍል መጥታ ዝም በሉ አለችን፤ ምን እንደሆነ ስትሰማ እሷም ቁጭ ብላ ሳቀች።

የምትጠይቂኝን ሁሉ ባንድ ጊዜ ልመልስ። አዎ፣ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። አዎ፣ ምርኩዙን ጥያለሁ። መርፌው ወደ ክኒን ተለውጧል። እግሬ አሁንም አመሻሽ ላይ ትንሽ ያብጣል፤ እኔም እንደ አንቺ ጠበቅ ያለ ካልሲ አለኝ፤ የሚያለብሰኝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የሌለኝ።

ስለ ሰማያዊ ጣቶቿ ስትጽፊ ፈርተሽ እንደነበር ገብቶኛል። ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ፤ ያንን መቅላት ሲስፋፋ ግን እንደ አንቺ አይቶ የጻፈልኝ የለም። ተማሪዎቼ ደብዳቤሽን ገልብጠው ይዘውታል። እኔ ዘመኔን ሙሉ በጠመኔ ያስተማርኩትን አንቺ አልፈሽበት መጣሽ። ከአንቺ መማር እንዴት ደስ እንደሚል ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እጠይቅሽ ነበር።

ትናንት ሐኪሜ ለመጨረሻ ጊዜ መረመረኝ። መንገድ ፈቅዶልኛል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርጄ እንድራመድ፣ ውሃ በደንብ እንድጠጣ፣ እግሬን አጥፌ እንዳልቀመጥ አስጠንቅቆኛል። ሐሙስ እነሳለሁ፤ መሃል ላይ አድሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። መናኸሪያ እንዳትመጪ። ልጅቷን ይዘሽ ብርድ ላይ እንዳትቆሚ። ባልሽ መጥቶ ሻንጣዬን ይያዝልኝ፤ መኪና ግን እንዳይከራይልኝ። ከመናኸሪያው እስከ ቤትሽ ያለችውን አቀበት አውቃታለሁ።

ሐኪሙ ወረቀቴን ሲፈርም ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይሄ ሁሉ መንገድ ነው፤ ማን ይዞሽ ይሄዳል?» አለኝ።

«እግሬ» አልኩት።

እትዬ